ከጠባሴ ጀርመን፦ ሰው ቤት ገብቶ መማር እንዴት ነው?

ጀርመን የገባሁ ዕለት ማታ በጥርስ መቦረሻ ብርጭቆ በሶ በጥብጬ ጠጣሁ።

ምግብ ጠፍቶ አልነበረም። ጠረጴዛው ላይ ጥቁር ዳቦ፣ ሦስት ዓይነት አይብ፣ የተከተፈ ኪያር፣ ቲማቲም ሞልቷል። የቤቱ እመቤት ከ60 ዓመት ያለፉ ሴት ናቸው። «ትበያለሽ?» አሉኝ። እኔም እናቴ እንዳሳደገችኝ «አይ፣ ጠግቤያለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ። ከዚያ «በሞቴ» እስክባል ጠበቅሁ። «አፈር ስሆን» እስክባል። ሴትዮዋ «እሺ» ብለው ሳህኑን አነሱት። በ4 ሰዓት ቤቱ ጭጭ አለ። የሚጮኸው የእኔ ሆድ ብቻ ነበር።

አሁን ተመልሼ ደብረ ብርሃን ነው ያለሁት። በየዓመቱ ክረምት ላይ ሁለት ሦስት ልጆች ቤቴ ይመጣሉ። ቪዛው ተመቷል፣ የቋንቋ ትምህርት ቤቱም የሚቀበላቸው ቤተሰብ መድቦላቸዋል። ሁሉም መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ ብርዱ ነው። የደብረ ብርሃን ጠባሴ ልጅ ብርድ ይፈራል እንዴ? ኅዳር ላይ ውርጭ ሣሩን ነጭ ሲያደርገው እያየ ያደገ ልጅ! እኔ የምፈራላቸው ይሉኝታቸውን ነው። እኛ ቤት ጨዋ የሚያሰኘን ነገር እዚያ ቤት ሲገባ ወይ ያስርበናል፣ ወይ ያበርደናል፣ ወይ ያኳርፈናል።

ለእያንዳንዱ ከመድገም በቅደም ተከተል ልጻፈው። የማውቀው ጀርመንን ነው። ሌላ አገር የምትሄዱ እንደ አገሩ አስተካክሉት።

1. መጀመሪያ እዚሁ ተለማመዱ

አክስታችሁ ቤት ሂዱ። ምሳ ቀርቦ ገና አንዴ «ብሉ» ስትባሉ «እሺ፣ ደስ ይለኛል» ብላችሁ ተቀመጡ። ሲበቃችሁ «በቃኝ» በሉና እጃችሁን አንሱ። አክስታችሁ ትስቃለች፣ ምናልባትም ትታዘባችኋለች። ይሁን። ሦስት አራት ቤት ከሞከራችሁት አፋችሁ ይፈታል።

ቀጥሎ ሻንጣ። ቅቤ፣ ቋንጣና አይብ አትያዙ። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣ መንገደኛ ሥጋና የወተት ውጤት ይዞ መግባት አይፈቀድለትም፤ ከተገኘ ይወሰዳል። እናቶች ቅቤውን በላስቲክ ጠቅልለው ሹራብ መሃል ይሸጉጡታል። የእኔም ሸጉጣ ነበር፤ ቦሌ ሳልደርስ አውጥቼ ለወንድሜ ሰጠሁት። በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶና የገብስ ቆሎ ግን ያዙ። በደንብ አሽጉና ምን እንደሆነ በእንግሊዝኛ ላዩ ላይ ጻፉበት። ቀይ ዱቄት ያየ የጉምሩክ ሰው መጠየቁ አይቀርም።

ስጦታ ትንሽ ይሁን። ትንሽ ሞሰብ ወይም የአንገት ልብስ ይበቃል። የመንዝ ባና ልውሰድ ያለችኝ ልጅ ነበረች፤ ክብደቱን ስትመዝነው ሐሳቧን ቀየረች። አንድ ነገር ግን እወቁ። እኛ ስጦታ ተቀብለን ወደ ጓዳ እናስቀምጣለን። እነሱ ፊታችሁ ይከፍቱታል፣ ይገላብጡታል፣ ይጠይቃሉ። እናንተም ሲሰጣችሁ እዚያው ክፈቱት። ሳትከፍቱ ካስቀመጣችሁት ያልወደዳችሁት ይመስላቸዋል።

ከመሄዳችሁ ሁለት ሳምንት በፊት ለቤተሰቡ አጭር ኢሜይል ላኩ። የምትበሉትን፣ የማትበሉትን፣ የምትጾሙ ከሆነ መቼ መቼ እንደሆነ ጻፉ። «ጾም» ብቻ ካላችሁ ቀኑን ሙሉ ምንም የማይቀመስ ይመስላቸዋል። «በእነዚህ ቀናት ምግቤ ቬጋን ነው» በሉ፤ ከእንስሳት የሚገኝ ነገር የሌለበት ማለት ነው። ይህችን ቃል ጀርመን ውስጥ የማያውቃት የለም። ረቡዕና ዓርብን፣ የሁዳዴን 55 ቀን በእነሱ ካላንደር ቀይራችሁ ላኩላቸው። የእኛ ሴትዮ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፈውት ነበር። እነሱም ከፋሲካ በፊት የሚጾሙ አሉ፤ አንዳንዱ የሚተወው ቸኮላት ነው። አትሳቁ።

2. የመጀመሪያው ማታ

ምግብ ሲቀርብላችሁ «ያ፣ ጌርነ» በሉ። «አዎ፣ ደስ ይለኛል» ማለት ነው። ካልፈለጋችሁ «ናይን፣ ዳንከ»፤ «አይ፣ አመሰግናለሁ» ነው። ተጠንቀቁ፦ ሲያቀርቡላችሁ «ዳንከ» ብቻ ካላችሁ «አይ፣ ይቅርብኝ» ያላችሁ ይመስላቸዋል። እኔ በሁለተኛው ቀንም የራበኝ በዚህ ምክንያት ነው። አመሰገንኩ ብዬ ሻዩን አስመለስኩት።

እራት ብዙ ቤት ቀዝቃዛ ነው። ዳቦ፣ አይብ፣ ሥጋ ነገር፣ አትክልት። ለእያንዳንዱ ሰው ትንሽ የእንጨት ጣውላ ይቀርብለታል፤ ሳህን ማለት እሷ ናት። ዳቦውን እዚያ ላይ ትቀቡታላችሁ። ትኩስ ምግብ በብዛት ምሳ ላይ ነው። «ለእንግዳ ደረቅ ዳቦ!» ብላችሁ እንዳታዝኑ፣ ንቀት የለበትም። የሚያጎርሳችሁም የለም፣ እናንተም አታጉርሱ።

ከእራት በኋላ ቤቱን እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። ሻወሩ እንዴት እንደሚሠራ፣ የዋይፋዩን የይለፍ ቃል፣ ልብስ ማጠቢያው ማሽን በየትኛው ቀን የእናንተ እንደሆነ። ወንዶች፣ ሽንት ቤት ቁጭ ብላችሁ ነው፤ ብዙ ቤት እንደዚያ ነው የሚፈልጉት፣ አፍረው ላይነግሯችሁ ይችላሉ።

ከሁሉ በላይ የውጭውን በር ጠይቁ። ብዙው በር ከውጭ በኩል የሚዞር እጀታ የለውም። ድፍን ጉጥ ነው ያለው። ነፋስ ገፍቶ ከዘጋው ያለ ቁልፍ አይከፈትም። ቆሻሻ ለመጣል ለአንድ ደቂቃም ብትወጡ ቁልፉ ኪሳችሁ ይሁን። ቁልፍ ሠሪ መጥራት የሳምንት አስቤዛ የሚበላ ገንዘብ ያስወጣል።

ስማቸውንስ ምን ብላችሁ ትጠራላችሁ? ይህ ለእኔ ከባድ ነበር። ሴትዮዋ በስማቸው ብቻ እንድጠራቸው፣ «አንቺ» እንድላቸው ነገሩኝ። አፌ እምቢ አለ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስም ሳልጠራ፣ ፊታቸው እየቆምኩ፣ ጉሮሮዬን እየጠራረግኩ ኖርኩ። ዛሬም በአማርኛ ስለሳቸው ሳወራ አንቱ ነው የምለው፤ በጀርመንኛ ግን አንቺ እላቸዋለሁ። እናንተ አንዴ ጠይቁና የነገሯችሁን ያዙ።

3. የወረቀቱ ጣጣ

እዚህ ላይ አልቆይም። በገባችሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ የከተማው ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ አድራሻ ማስመዝገብ ግዴታ ነው፤ «አንሜልዱንግ» ይሉታል። ለዚያ የቤቱ ባለቤት «እዚህ ቤት ይኖራል» ብሎ የፈረመበት ወረቀት ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ቀን ጠይቋቸው።

ብዙ ልጅ የሚረሳው የፖስታ ሳጥኑን ነው። ፖስተኛው የሚያየው በሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ስም ነው። የእናንተ ስም ከሌለበት የባንክ ካርዱም፣ የመድን ወረቀቱም ወደ መጣበት ይመለሳል። ፓስፖርት ላይ እንዳለው አድርጋችሁ በወረቀት ጻፉና አስፈቅዳችሁ ለጥፉ። እዚያ የቤተሰብ ስም የሚሉት፣ ፓስፖርታችሁ ላይ እንደተጻፈው፣ የአባታችሁ ወይም የአያታችሁ ስም ይሆናል። እኔ በአባቴ ስም ስጠራ አባቴ ከኋላዬ የቆመ እየመሰለኝ ስዞር ከረምኩ።

ከተመዘገባችሁ በኋላ የሬዲዮና ቴሌቪዥን ክፍያ የሚጠይቅ ደብዳቤ ይመጣል። በወር 18.36 ዩሮ። አትደንግጡ፣ ለአንድ ቤት አንዴ ነው የሚከፈለው። ቤተሰቡ ከከፈለ የእነሱን የክፍያ ቁጥር ጽፋችሁ መመለስ ይበቃል። ደብዳቤውን ግን መሳቢያ ውስጥ እንዳትደብቁት።

4. መስኮት

የሰሜን ሸዋ ሰው መስኮት አይከፍትም። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ አንዱ መስኮት ስንጥቅ ብትል ሃያ ሰው «ኧረ ንፋስ!» ይላል። «ብርድ መታኝ» ማለት ለእኛ በሽታ ነው።

ጀርመን ቤት በጥር ወር፣ ውጭ በረዶ እየጣለ፣ መስኮቱን ብርግድ አድርገው ይከፍቱታል። ጠዋት ስነሳ የክፍሌን መስኮት ተከፍቶ አገኘዋለሁ። እዘጋለሁ። ሴትዮዋ ይከፍታሉ። እዘጋለሁ። ሁለት ሳምንት ሳንነጋገር እንዲህ ተዋጋን። እኔ ሊያሳምሙኝ የፈለጉ መስሎኛል። እሳቸው ደግሞ ቤቱን ላሻግትባቸው የፈለግኩ መስሏቸዋል።

ነገሩ ይኸ ነው። የእኛ ቤት በበሩ ሥር፣ በጣሪያው ጠርዝ፣ በየስንጥቁ ይተነፍሳል። የእነሱ ቤት ሙቀት እንዳይወጣ ተብሎ ድፍን ተደርጎ ነው የተሠራው። ስለዚህ የሰው ትንፋሽ፣ የሻወር እንፋሎት፣ የድስት እንፋሎት መውጫ ያጣል። ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ውሃ ሆኖ ይቀመጣል። ከዚያ ጥቁር ሻጋታ ይወጣል። የሻገተ ግድግዳ ማሳደስ ደግሞ ብዙ ገንዘብ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። የማሞቂያውን መዘውር ዝጉ። መስኮቱን ሙሉ በሙሉ ክፈቱ፣ ገርበብ ማድረግ አይሠራም። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ቆዩና ዝጉ። ማሞቂያውን መልሱ። ጠዋትና ማታ፣ ከሻወር በኋላ ደግሞ እንደገና። መዘውሩ ላይ ከ1 እስከ 5 ቁጥር አለ። 3 ማለት ወደ 20 ዲግሪ ገደማ ነው። 5 ላይ ማድረግ ክፍሉን ቶሎ አያሞቀውም፣ ከሚገባው በላይ ያሞቀዋል እንጂ። ብርድ ከፈራችሁ በእነዚያ 10 ደቂቃዎች ጋቢያችሁን ተከናንባችሁ ኮሪደር ላይ ቁሙ። እኔ እንደዚያ ነው የማደርገው የነበረው፤ የሴትዮዋ ባል ባዩኝ ቁጥር ይስቁ ነበር።

5. ሰዓት

የእኛ ሰዓት ከእነሱ በስድስት ይለያል። ይህን ሁሉም ያውቃል። የሚያሳስተው ሌላ ነው። «ሃልብ ድራይ» ሲሏችሁ ሦስት ሰዓት ተኩል እንዳይመስላችሁ። ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ ወደ ሦስት ግማሽ ቀረው እንደማለት። በእኛ አቆጣጠር 8 ሰዓት ተኩል። እኔ አንድ ሰዓት ዘግይቼ ደርሼ ሰው ሁሉ ኬኩን በልቶ ጨርሶ ነበር።

እራት በ12 ሰዓት ከተባለ 12 ሰዓት ነው። የእኛ ቤት እራት ገና ሽንኩርት በማይላጥበት ሰዓት ማለት ነው። አምስት ደቂቃ ከዘገያችሁ መልእክት ላኩ። እራት የማትበሉ ከሆነ ጠዋት ተናገሩ። ከማታ 4 ሰዓት እስከ ንጋት 12 ሰዓት ድምፅ አይሰማም። እሑድ ቀኑን ሙሉም ዝም ነው፤ ሱቅም ዝግ ነው። አስቤዛ ቅዳሜ ጨርሱ።

ስልክ ላይም ቀስ በሉ። እናቶቻችን በኢሞ ሲያወሩ መንዝ ድረስ በጩኸት የሚያደርሱት ይመስላቸዋል፤ እኛም እንመልሳለን። ልዩነቱ በበጋቸው አንድ፣ በክረምታቸው ሁለት ሰዓት ስለሆነ ከእራት በፊት መደወል ይቻላል። ጆሮ ማዳመጫ አድርጉ፣ ወይም እየተንሸራሸራችሁ አውሩ።

6. ቆሻሻ

ወረቀት ለብቻ፣ ማሸጊያ ላስቲክና ቆርቆሮ በቢጫው፣ የአትክልት ልጣጭና የቡና አተላ ለብቻ፣ የተረፈው በቀረው። የባልዲው ቀለም ከከተማ ከተማ ይለያል፣ ጠይቁ። ጠርሙስ መንገድ ዳር ባለው ትልቅ ሳጥን በየቀለሙ ይጣላል፤ እሑድ ግን አይደለም፣ ኳኳታው ጎረቤት ይረብሻል። የውሃና የለስላሳ ፕላስቲክ አትጣሉ። ብዙው ላይ ስትገዙ የምታስይዙት 25 የዩሮ ሳንቲም አለ፣ ሱፐርማርኬት ያለው ማሽን ይመልስላችኋል።

7. በቅኔ አትናገሩ

ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን ያዙልኝ።

እኛ ነገር በጎን ነው የምንናገረው። ሰምና ወርቅ። አንድ ማታ በጣም በረደኝና «ይህ ክፍል ቀዝቀዝ ይላል» አልኩ። ደብረ ብርሃን ቢሆን እናቴ አረፍተ ነገሩን ሳልጨርስ ሁለት ብርድ ልብስ ትጭንብኝ ነበር። ሴትዮዋ መስኮቱን አዩ፣ እኔን አዩ። «አዎ፣ ይህ ክፍል ይቀዘቅዛል» አሉና ደህና እደሪ ብለውኝ ሄዱ። የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያለበት ከተማ ልጅ ሆኜ በብርድ ልብስ እጦት ተቆራምጄ አደርኩ።

«ካን ኢሽ ኖኽ አይነ ዴከ ሃበን?» ማለት ነበረብኝ። «ሌላ ብርድ ልብስ ማግኘት እችላለሁ?» በማግሥቱ አልኩት። በአንድ ደቂቃ ውስጥ መጣ። «ምነው እስካሁን ሳትነግሪኝ?» አሉኝ። ከልባቸው ነው የገረማቸው።

የምትፈልጉትን በስሙ ጥሩት። ብርድ ልብስ ከሆነ ብርድ ልብስ በሉ። ኪራዩ ምግብን ይጨምራል? ማጠቢያ ዱቄቱስ? ማቀዝቀዣው ውስጥ የእኔ መደርደሪያ የትኛው ነው? ከሌሊቱ 5 ሰዓት ብመጣ ትረበሻላችሁ? እነዚህን በመጀመሪያው ሳምንት በወረቀት ጽፋችሁ ቁጭ ብላችሁ ጠይቁ። እዚህ ቢሆን ነውር ነው፤ እዚያ ጎበዝ ተብዬበታለሁ።

እነሱም በዚያው ልክ ፊት ለፊት ይናገራሉ። አንድ ጠዋት «ትናንት የሻወሩን መስታወት ሳታደርቂ ሄደሻል። እባክሽ በጎማው ጥረጊው» አሉኝ። ሰላምታም አልቀደመውም። ክፍል ገብቼ አለቀስኩ። ቀኑን ሙሉ ሌላ ቤት ስለመፈለግ አሰብኩ። ማታ ስመለስ የፖም ኬክ ጋግረው ቆዩኝ። የጠዋቱን ረስተውታል። ነገሩ ስለ ውሃው ኖራ ብቻ ነበር፤ መስታወቱ ላይ ሲደርቅ ነጭ ሆኖ ይቀራል።

እንደዚሁ የክፍላቸውን በር ቢዘጉ ኩርፊያ እንዳይመስላችሁ። ጠዋት «ሞርገን» ብለው ቢያልፉም አልተጣሉም። እንቅልፍ እንዴት ነበር፣ ቤተሰብ ደህና፣ ከብቱ ደህና የሚባል ነገር የለም።

እናንተም የምታስደነግጡበት ነገር አለ። ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን «እህ» ብለን «አዎ» የምንለውን አታድርጉት። ባልየው ቡና እየቀዱልኝ «ስኳር?» ሲሉኝ «እህ» አልኩ። ማንቆርቆሪያውን አስቀምጠው «ምን ሆንሽ? አመመሽ?» ብለው ተነሱ።

8. ጨለማው

ብርዱን ትችሉታላችሁ። ታኅሣሥ ላይ ግን ፀሐይ የምትወጣው በ2 ሰዓት አካባቢ ነው፣ በ10 ሰዓት ትጠልቃለች፣ በመሃልም ደመና ነው። ደብረ ብርሃን ሌሊቱ ቢያንቀጠቅጥም እኩለ ቀን ላይ ግድግዳ ተደግፈን ፀሐይ እንሞቃለን። እዚያ የሚደገፍ ግድግዳ አለ፣ ፀሐይዋ ናት የሌለችው። በቀን በብርሃን ሰዓት 30 ደቂቃ ውጡ፣ ባትፈልጉም። እንቅልፍና ሐዘን ከበዛባችሁ ለቤተሰቡ ተናገሩ፣ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ለአስቸኳይ አደጋ ቁጥሩ 112 ነው።

ወፍራም ጃኬት ከዚህ አትግዙ። እዚያ ያገለገለ ልብስ ሱቅ ውስጥ ደህና ታገኛላችሁ። በኮሎኝ፣ በፍራንክፈርትና በሙኒክ የተዋሕዶ አብያተ ክርስቲያናት አሉ። በወር አንዴ በባቡርም ቢሆን ሂዱ። አማርኛ ስትሰሙ ትከሻችሁ ይወርዳል።

9. ቡና ስታፈሉ

መጠየቃችሁ አይቀርም፤ እናንተም ማፍላት ትፈልጋላችሁ። እኔ በሁለተኛው ወር አንድ እሑድ ጎረቤት ሁሉ ተጠርቶ ቡና አፈላሁ። ሣር የለም፣ አረንጓዴ ወረቀት ቆርጬ በተንኩ። ቡናውን መጥበሻ ላይ ቆላሁ። ጭሱ ሲነሳ እንደ ወጉ ዞሬ ለእንግዶቹ አሸተትኩ። ዕጣኑን ለኮስኩ። ከዚያ ጣሪያው ላይ ያለችው ነጭ ክብ ነገር ጮኸች። ቀጥሎ የኮሪደሩ። ቀጥሎ የላይኛው ፎቅ። ባልየው ወንበር ላይ ወጥተው በፎጣ ያራግባሉ፣ የጎረቤቱ ውሻ ያለቅሳል፣ እኔ ረከቦቱን ታቅፌ ቆሜያለሁ።

የጭስ ማንቂያ በሁሉም የጀርመን ክፍላተ አገር በመኖሪያ ቤት ግዴታ ነው። በጨርቅ አትሸፍኑት፣ ባትሪውንም አታውጡ። እንዲህ አድርጉ። ቤተሰቡን አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ አስፈቅዱ። ቡናውን በረንዳ ወይም ጓሮ ላይ በትንሽ የጋዝ ምድጃ ቁሉት፤ እንግዶቹ ወደ ውጭ ወጥተው ያሽትቱ። ዕጣኑም እዚያው ውጭ ይጢስ። መፍጫ ማሽን ስላላቸው ሙቀጫ አያስፈልጋችሁም። ጀበናውን የኤሌክትሪክ ምድጃቸው ላይ ከመጣዳችሁ በፊት ጠይቁ፤ መስታወት ከሆነ ሊቧጨር ይችላል። ፈንዲሻ ሱፐርማርኬት አለ፣ ጨው ያለበትን ምረጡ፣ ካራሜሉ ከቡና ጋር አይሄድም።

ሦስት ሲኒ እንደሚጠጣም አስቀድማችሁ ንገሯቸው። የእኛዎቹ ከአቦል በኋላ አመስግነው ኮታቸውን ለብሰው ነበር።